ካርቶን ለሚያጸድቁት ክቡር ኃላፊ፦ ስለ እሜቴ ታርጋ

ለተሽከርካሪ መለዋወጫ ዕቃዎች ጥራት ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ክቡር ዋና ኃላፊ
ባሉበት፤ ካልተገኙም ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ እርስዎን ለሚወክለው ኮትዎ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱልን? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀመጡ መዋል ቀላል ሥራ እንዳልሆነ እኔም ከሥራ ፈትነቴ አውቀዋለሁና ጤናዎን አጥብቄ እመኝልዎታለሁ። እኛ፣ ከአክስቴ የግራ እጅ አንጓ በቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን። እንዲህ በአደባባይ፣ ያውም በርዎ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ስጽፍልዎ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አደራ። በደንቡ መሠረት ሦስት ጊዜ ጽፈን ሦስቱንም ጊዜ "መዝገብ ቤት ገብቷል" ስለተባልን፣ መዝገብ ቤት ገብቶ የወጣ ወረቀት ደግሞ አይተን ስለማናውቅ ነው። ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጀምሬ አንድም ጊዜ ስላልጨረስኩት፣ አራት ነጥብና ሁለት ነጥብ ቢቀላቀልብኝ እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይለፉኝ።

ጉዳዩ የእሜቴ ጉዳይ ነው። እሜቴ የአጎቴ መኪና ናት። ስሙን ያወጡላት ራሳቸው አጎቴ ሲሆኑ፣ ከእኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ስለምትበልጥ እኔም አንዳንዴ አንቱ እላታለሁ። የሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኖ ቤት ብረት ሲያሾሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ እኔንም ወላጆቼ ካለፉ ጀምሮ ያሳደጉ ሰው ናቸው፤ እሜቴን ከአባታቸው ወርሰው ቅዳሜ ቅዳሜ በጥርስ ብሩሽ ያጥቧታል። በጥርስ ብሩሽ ስል ቀልድ እንዳይመስልዎ፤ አንድ ቀን ብሩሾቹን አቀያይሬባቸው ሳምንት ሙሉ ቤት እንዳልገባ ተከልክያለሁ።

አሁን ግን ይህችው መኪና ታርጋዋ ተፈትቶ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። በላካችሁልን ውሳኔ እንደተጻፈው፣ እስከ መጪው ዓርብ አዲስ ማስረጃ ካልቀረበ ተቆራርጣ ለብረት ማቅለጫ ትሰጣለች። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን ቶሎ ቶሎ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ዕቃው ጸድቋል ብሎ ካርቶን ላይ ስለሚለጠፈው ብርማ ተለጣፊዎ አመሰግናለሁ። የእሜቴ ፍሬን መላላት ሲጀምር አጎቴ ጎሚኒ ሊገዙ ሄዱ። ጎሚኒ ማለት፣ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ቢሆንብኝም፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬኑን ዘይት ገፍቶ ጎማውን የሚያስይዝ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ጥቁር ላስቲክ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን የቤተሰብ ሁሉ ነፍስ የተንጠለጠለችው በእሱ ላይ ነው። ባለሱቁ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ "ኦሪጅናል" ማለት ስለሚወድ ሰፈሩ ስሙን ረስቶ ኦሪጅናል ይለዋል። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ካርቶኑን እያገላበጡ፣ "ልጄ፣ ፋብሪካው ተዘግቶ የለ እንዴ፤ ይኼ ከየት መጣ?" ብለው ቢጠይቁት፣ ተለጣፊዎ ላይ ጣቱን ጭኖ፣ "አባባ፣ እኔን አይመኑኝ ግድ የለም፤ ይኼን አለማመን ግን ያስጠይቃል" አላቸው። አጎቴ ጭር ባለ መንገድ ላይ እንኳ ቀይ መብራት ሲያዩ ቆመው የሚጠብቁ ሰው ናቸው። አፍረው ገዙ። ተለጣፊው ክዳኑ ላይ ተሻግሮ የተለጠፈ፣ "ከመገጠሙ በፊት የተከፈተ ዕቃ ተቀባይነት የለውም" የሚልም ስለሆነ፣ ሳይከፍቱ እንደታሸገ ለመካኒኩ ሰጡት። መካኒኩ፣ ሞተር በጆሮው ስለሚያዳምጥ ዶክተር የምንለው ሰው፣ ጎሚኒውን አውጥቶ ገጠመ፤ ካርቶኑንም ወደ ኋላው ወረወረ። ዶክተር ካርቶን አያነብም፤ በዚህ ከጽሕፈት ቤትዎ ይለያል።

ሁለተኛ፦ አሸዋ ላራገፈው ተቋራጭ ምስጋናዬ ይድረስልኝ፤ የእርስዎ ሥራ ባይሆንም የእርስዎን ሥራ የሠራው እሱ ነውና። ጎሚኒው በተገጠመ በአሥራ አንደኛው ቀን አጎቴና አክስቴ ከዓይን ሐኪም ሲመለሱ፣ ከትልቁ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሰመጠ። አጎቴ ማርሹን ወደ አንድ መልሰው፣ የእጅ ፍሬኑን እስኪነቀል ጎትተው፣ የቆሻሻ ገንዳውን በቀኝ፣ የመብራት እንጨቱን በግራ ለጥቂት አልፈው፣ ካልተጨረሰ ሕንፃ ደጃፍ የተከመረ አሸዋ ውስጥ ገብተው ቆሙ። ከአሸዋው ጀርባ የወጣው ዘበኛ መጀመሪያ የተናገረው፣ "አባት፣ እዚህ ማቆም ክልክል ነው" የሚል ነበር። አክስቴ ዳሽቦርዱን ስትደገፍ የእጇ አንጓ ተሰበረ። እስከ ዛሬ በጀሶ ታስሮ ነው ያለው፤ እሷ ግን የምታወራው ሌላ ነው፦ "የእኔ እጅ ተሰብሮ ሳለ እሱ ሲያለቅስ የነበረው ለፓራፋንጎዋ ነው።" አጎቴም፣ "ያንቺ እጅ ይጠገናል፤ የእሷ ፓራፋንጎ ከየት ይመጣል?" ብለው ሦስት ቀን ምሳቸውን ራሳቸው ሠርተው በልተዋል። ባለሙያዎችዎ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ደርሰው ታርጋዋን ሲፈቱ ግን እውነቴን ነው የምልዎት፣ በሕይወቴ እንደዚያ የፈጠነ የመንግሥት ሥራ አይቼ አላውቅም። ብሎኑን እንኳ አልጣሉትም፤ ቆጥረው በፖስታ ወሰዱት።

ሦስተኛ፦ ውሳኔው ውስጥ ስላለችው አንዲት ቃል። "ባለንብረቱ ጥራቱ ያልተረጋገጠ ዕቃ በቸልተኝነት በመግጠማቸው" ይላል። በቸልተኝነት! በጥርስ ብሩሽ መኪና የሚያጥብ ሰው! አጎቴ ወረቀቱን አራት ጊዜ አስነበቡኝ፤ እኔ ሳነብ አሳስቼ እንደሆነ ብለው ይሆናል፣ ምክንያቱም ሲያሳስተኝ የማይውል ሰይጣን የለም። በማግስቱ ከረቫታቸውን አስረው፣ ደረሰኙንና ከካርቶኑ ላይ ዶክተር የላጠውን ተለጣፊ ይዘው ይግባኝ መስኮት ሄዱ። እኔም አብሬ ነበርኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ በትሕትና፣ ስድብ አልተናገረም ብዬ እመሰክርለታለሁ፣ "አባቴ፣ የጸደቀ ዕቃ አይበላሽም። ከተበላሸ አልጸደቀም ነበር ማለት ነው" አላቸው። "ተለጣፊያችሁ እኮ ይኸው!" ቢሉት፣ "ተለጣፊውማ የእኛ ነው፤ ዕቃው ነው የእኛ ያልሆነው" አለ። ክቡር ሆይ፣ የሒሳብ አስተማሪዬ ይህን ጥበብ ቢያውቁ ኖሮ፣ "ጎበዝ ተማሪ አይወድቅም፤ ከወደቀም አልተፈተነም" ብለው ያሳልፉኝ ነበር፤ ዛሬ እኔም ከእርስዎ ጎን ወንበር ይኖረኝ ነበር።

ከዚያች ቀን ወዲህ አጎቴ ከግቢ አይወጡም። ጎረቤት "እሜቴስ?" ብሎ እንዳይጠይቃቸው ነው። ጠዋት ይነሱና ታርጋ የሌላት መኪና ውስጥ ገብተው፣ መሪውን ይዘው ይቀመጣሉ። ይባስ ብሎ እኔን መስደብ አቆሙ። ጨው በስኳር ዕቃ ውስጥ ብጨምር ዝም፤ የራዲዮኑን ባትሪ ገልብጬ ባስገባ ዝም። ክቡር ሆይ፣ ብዙ ነገር ፈርቼ አላውቅም፤ ይህንን ግን ፈራሁ።

አራተኛ፦ ይህኛው ቁጥር ስለ እርስዎ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል።

የዶክተር ጋራዥ ሄጄ ያንን የተወረወረ ካርቶን ከአሮጌ ፍሪሲዮኖች ሥር አወጣሁት። ክዳኑን ስገልጥ በውስጠኛው በኩል በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። ጽሕፈቱን ለማወቅ መነጽር አላስፈለገኝም፤ በልጅነቴ እያስመሰልኩ የቤት ሥራዬ ላይ የምፈርምበት የአጎቴ ጽሕፈት ነው። አጎቴ የእሜቴን ዕቃ በቀየሩ ቁጥር፣ በባዶው ካርቶን ክዳን ውስጥ ቀኑንና ምን እንደተደረገ ጽፈው መደርደሪያ ላይ የማስቀመጥ ልማድ አላቸው። ቀኑ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነበር። "ጎሚኒ ተቀየረ። እሜቴ ቁልቁለቱን እንደ ሙሽራ ወረደች። ልጁ ጭኔ ላይ ሆኖ መሪ ያዘ፤ አልለቅም ብሎ አለቀሰ" ይላል።

ልጁ እኔ ነኝ። ሦስት ዓመቴ ነበር።

ካርቶኑ ከአጎቴ መደርደሪያ ወደ ኦሪጅናል ሱቅ እንዴት እንደሄደ ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ኦሪጅናል፣ "ባዶ ካርቶን የለህም? የጥንት ከሆነ ይሻላል" ሲለኝ ሰውዬው አበደ ብዬ ሳቅሁ፤ ሄጄም አሥራ ስድስት ካርቶን ከመደርደሪያው ላይ ጠርጌ በአንድ የጆሮ ማዳመጫ ለወጥኩት። ማዳመጫውም ፎርጅድ ኖሮ አንድ ጆሮው አይሰማም። ለምን ባዶ ካርቶን እንደፈለገ የገባኝ መስኮታችሁ ላይ የተለጠፈውን ደንብ ሳነብ ነው፦ ፋብሪካቸው ለተዘጋ መኪኖች የሚቀርብ ዕቃ ዋናው ካርቶኑ ካልተጎዳ ይጸድቃል፤ ካርቶኑ የተከፈተ እንደሆነ ግን እንደተነካካ ተቆጥሮ ውድቅ ይሆናል። እንግዲህ ውስጡን ማየት ወንጀል፣ ውጭውን ማየት ሥራ ሆነ ማለት ነው። አበው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ያሉት የዚህን ጽሕፈት ቤት መከፈት ሳይጠብቁ መሆኑ ይገርመኛል።

ያንን ካርቶን አሥራ ሁለት ቀን ፍራሼ ሥር ደበቅኩት። አዲስ ማስረጃ ማለት እሱ ነው፤ ዘንድሮ ገባ የተባለ ዕቃ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽሕፈት ባለው ካርቶን ውስጥ ሊገኝ አይችልም። እሱን ማቅረብ ግን አጎቴ ፊት ራሴን ማቅረብ ነው። ስለዚህ ራሴን ሳላቀርብ እሜቴን የማድንበት ሌላ መንገድ ፈለግሁ።

አምስተኛ፦ መንገዱ ካሮት ነበር።

ዶክተር ጋራዥ ካገኘሁት፣ ከአጎቴ ካልሆነ ሌላ የጥንት ባዶ ካርቶን ውስጥ፣ በቢላ አሳምሬ የቀረጽኩትን ግማሽ ካሮት ጨምሬ፣ ክዳኑን በሙጫ ዘግቼ ዕቃ በሚጸድቅበት በአምስተኛው መስኮት አቀረብኩት። እዚያ ያለችው እህታችን ትጉህ ሠራተኛ ናት። ካርቶኑን አራቱንም ማዕዘን አየች፤ በጣቷ ጠረገችው፤ ከዚያ ጆሮዋ አጠገብ ነቅነቅ አድርጋ አዳመጠችና፣ "ኦሪጅናል ነው፤ ድምፁ ያስታውቃል" አለችኝ። ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ ተለጣፊውም ማረጋገጫው ወረቀትም እጄ ገባ። ካሮቱ ለሁለት ዓመት ጸድቋል። አሥር ቀን ስለሆነው እንደ ሽማግሌ ጣት ተጨማዷል፤ ወረቀቱ ግን አሁንም አዲስ ነው።

ድል አደረግሁ ብዬ ካሮቱን ከነወረቀቱ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ወሰድኩት። ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ፣ "ማረጋገጫው ትክክለኛ ነው" አለኝ። "ጌታዬ፣ ዕቃው እኮ ካሮት ነው" ስለው፣ ወረቀቱን መለሰልኝና፣ "ካሮት ከሆነማ ጉዳዩ ግብርናን ነው የሚመለከተው" ብሎ ሸኘኝ። ዘመዴ ቢሆን ኖሮ እስመው ነበር። በሳቅ እያነባሁ ወጣሁና፣ ደረጃው ላይ ስደርስ ሳቁ አለቀ፤ ማንባቱ ግን ቀጠለ።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ። ዶክተር ከአደጋው በኋላ ከእሜቴ ያወጣውን ያንን የጸደቀ ጎሚኒና ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የተገጠመውን የድሮውን ጎሚኒ በሁለት ብርጭቆ የፍሬን ዘይት ውስጥ ነከራቸው። በማግስቱ ምሳ ሰዓት አሮጌው እንደነበረ ነው፤ የጸደቀው ግን እርሾ እንደበላ ሊጥ አብጦ፣ በጣት ሲነኩት ይቆረሳል። ይህን ለማወቅ ሁለት ብርጭቆና አንድ ቀን በቂ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ባለ ስድስት ፎቅ እንደሆነ ሳስብ ብርጭቆ አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ።

የምንለምንዎትም ይኸው ነው፦ ታርጋዋ ይመለስልን፤ "በቸልተኝነት" የምትለዋ ቃል ከመዝገብ ትሰረዝልን፤ ኦሪጅናል ሱቅ ያሉት አሥራ አምስት ካርቶኖችም ሌላ ሰው ቁልቁለት ላይ ሳይደርስ ይከፈቱ። በየክዳኑ ውስጥ የአጎቴ የእርሳስ ጽሕፈት አለና ለመለየት አትቸገሩም። ጥፋተኛ ከፈለጋችሁ ካርቶኑን የሸጠ እኔ አለሁ፤ ስሜንም አድራሻዬንም ከካርቶኑ ጋር በታሸገ ፖስታ ለይግባኝ መስኮት ዛሬ አስገብቻለሁ። ፖስታውን ግን እባካችሁ ክፈቱት።

ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ ከመለጠፌ በፊት፣ አጎቴ የእኔን ጉድ ከግድግዳ ላይ እንዳያነቡ ብዬ ዛሬ ጠዋት እሜቴ ውስጥ ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ካርቶኑንም ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ክዳኑን ገልጠው ረጅም ጊዜ አነበቡ። ዱላ ስጠብቅ፣ "ስንቱን ነው የሸጥከው?" አሉኝ። "አሥራ ስድስት።" "ምን አገኘህበት?" ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡና፣ "ይኼ እኮ አይሰማም፤ አንተ ደንቆሮ!" አሉኝ። ከአርባ ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ስድብ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩት።

ከዚያ ደብዳቤውን እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ዳር እስከ ዳር ሰምተው፣ "አንድ ነገር ጎድሎታል" አሉ። "አንተ ካርቶኑን ሸጠሃል። እነሱ ካርቶኑን አጽድቀዋል። እኔ ደግሞ፣ አርባ ዓመት በማይክሮሜትር ብረት ስለካ የኖርኩ ሰውዬ፣ የገዛሁትን ዕቃ ከፍቼ ሳላይ ሚስቴን አሳፍሬ ቁልቁለት ወርጃለሁ። እኔም ልፈርም።" ብዕሬን ተቀበሉኝና፣ መሪውን ተደግፈው ፈረሙ። ቀጥለውም ከፊርማቸው በታች በማስመሪያ አንድ መስመር አሰመሩ፤ ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ለክቡርነታቸው ነዋ፤ እስከ ዓርብ ጊዜ አላቸው" አሉኝ።

ጤናና ዕድሜ፣ ከሁለቱም በላይ የማይላላ ፍሬን እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ካርቶኑን የሸጠው፦ በሰፈር አጠራር ፍሬን የለሹ (ፈርሟል)

ካርቶኑን ሳይከፍቱ የገዙት፦ የእሜቴ ባለቤት፣ የፍሬን የለሹ አጎት (ፈርመዋል)

ካርቶኑን ያጸደቁት፦ ______________________

በተጨማሪ፦ ክቡርነትዎን የሚያመላልሰው ሾፌር ትናንት ከሰዓት በኋላ ለመኪናዎ የፍሬን ሸራ ፍለጋ ዶክተር ጋራዥ መጥቶ ነበር። ዶክተር ተለጣፊ ያለበት አዲስ ዕቃ ሲያወጣለት፣ ግራ ቀኙን ቃኝቶ፣ "ወንድሜ፣ የልጆች አባት ነኝ፤ ያልጸደቀ ካለህ ስጠኝ" ብሎ ለመነው። ሾፌርዎ ብልህ ሰው ነውና ሹመት ይገባዋል፤ በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ዕቃ የሚያውቅ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።